በጆሮ የታየው ቪዲዮ

ሰኞ፣ የካቲት 3

ጠዋት ስድስት ሴቶች፣ ከሰዓት አምስት። ሁሉም ከዘጠኝ ሳምንት በታች፣ ሁሉም ጽንስ በኪኒን የሚያቋርጡ። አሥራ አንድ ጊዜ ያንኑ ንግግር... የመጀመሪያዋን ኪኒን እዚህ እኔ ፊት ትውጫለሽ፣ አራቱን ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ቤትሽ፣ ጉንጭሽ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት... በእንቅልፌም ሳልለው አልቀርም። ባለቤቴ ትያለሽ ይላል። እሱ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፣ ተኝቶ ፍሬን ይረግጣል። ስለዚህ አንከሳሰስም።

ዶክተሯ ቀኑን ሙሉ ክፍሌ ጥግ ላይ ተቀምጣ ስትጽፍ ዋለች። የክሊኒኩ ኃላፊ ናት፣ በዕድሜ ግን እበልጣታለሁ። ምን እንደምትጽፍ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። አሠራሬን ልታደንቅ ይሆናላ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

አድናቆት የለም።

አንዲት ሴት ከዚህ ክፍል ስትወጣ ማወቅ ያለባት አሥራ ሰባት ነገር አለ ትላለች። ዘርዝራ ጽፋዋለች። ጠዋት የገቡት ስድስቱም አሥራ ሰባቱንም ሰምተዋል። ከሰዓት የገቡት አሥራ አምስት፣ አሥራ አራት... የመጨረሻዋ አሥራ ሦስት ብቻ። አራት ነገር ዘልያለሁ። ስለ ትኩሳት አልነገርኳትም። ስለ ቀጠሮዋም። አሥራ አንድ ዓመት ያስረዳሁት እኔ።

ልክድ ዳድቶኝ ነበር። ግን ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አፌ ይደክማል፣ አውቀዋለሁ።

መፍትሔው ቪዲዮ ነው ትላለች። ሌላ ቦታ ተሞክሮ ሠርቷል። ቪዲዮ አይደክመውም፣ አይራብም፣ ከሰዓት በኋላ አያዛጋም። ሴቶቹ ቀጠሮ ሲይዙ ሊንኩ ስልካቸው ላይ ይላካል፣ ቤታቸው አይተውት ይመጣሉ፣ ደጋግመው ማየትም ይችላሉ። እኔ ጥያቄ ብቻ እመልሳለሁ። በቃ እንግዲህ፣ ጡረታ ከነ ደመወዙ... እሺ አልኩ። ፊቴ ግን እሺ አላለም መሰለኝ፣ ድምፁም ፊቱም ያንቺ ነው የሚሆነው አለችኝ። ወዲያው ደስ አለኝ። ቀላል ሰው ነኝ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ቀረጻ። ቀራጩ ሥራው ሠርግ ነው። ከኋላዬ አበባ ካላቆምኩ አለ። አበባውን አስነሳሁት። ወንበሩን ሲያስተካክል ደግሞ ሙሽሪት ትንሽ ቀና በይ አለኝ፣ ከልምድ። ልጆቼን ልጥራልህ አልኩት።

ጽሑፉን ያዘጋጀችው ዶክተሯ ናት። ሁሉም ጥሩ ሄደ፣ አንዲት ዐረፍተ ነገር ላይ እስክደርስ። «በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት ትልልቅ ሞዴስ ሙሉ በሙሉ ከረሰረሰ፣ ይህም ለሁለት ተከታታይ ሰዓት ከቀጠለ፣ ሳትቆዪ ደውዪ።» ሰዓቱና ሞዴሱ አፌ ላይ ተደበላለቁ። አንዴ ሁለት ሰዓት አንድ ሞዴስ፣ አንዴ አንድ ሰዓት አንድ ሞዴስ... አሥራ አራት ጊዜ። ላብ አጠመቀኝ። ሰውዬውም ሞዴስ የሚለው ቃል በተነሳ ቁጥር ጫማውን ያያል።

በመጨረሻ ዘዴ መጣልኝ። ለምን በስዕል አናደርገውም? ሁለት የረሰረሱ ሞዴሶች፣ ጎናቸው ሰዓት፣ ከሥር ስልክ ቁጥራችን በትልቁ። እኔ የምለው «ይህን ያህል ካየሽ፣ ሳትቆዪ በዚህ ቁጥር ደውዪ» ብቻ። በአንድ ጊዜ አለቀ። ማንበብ ለማትችልም ስዕል ይሻላል፣ አይደል?

ጽሑፉ ላይ የሌለ አንድ ነገርም ከራሴ ጨመርኩ። ስለ ሕመሙና ስለ ደሙ ከተናገርኩ በኋላ ካሜራውን ዓይን ዓይኑን እያየሁ፣ «አይዞሽ እህቴ፣ ያልፋል» አልኩ። ሠርግ ቀራጩ እናቴን አስታወስሽኝ አለ። በአምስት ዓመት ብበልጠው ነው። ቢሆንም ዋጥኩት።

ረቡዕ፣ የካቲት 12

ቪዲዮው ደረሰ። ሰባት ደቂቃ። ዶክተሯ ሁለት ጊዜ አየችው፣ ስዕሉን ወደደችው።

ቤት ወስጄ ለባለቤቴ ከፈትኩለት። ጀርባውን ሰጥቶኝ ሰሃን ያጥባል። ሲያልቅ ምን አለ... «ይህን ያህል ስትይ ምን ያህል ነው?»

ዞር ብለህ እየው፣ ስዕል አለው አልኩት። እጁ አረፋ ነው፣ አልዞረም። ገባኝ አለ። ምን ሊገባው። ከእኔ ይልቅ ድስቱን ያደምጣል።

ሰኞ፣ የካቲት 17

ተጀመረ። ዛሬ አምስት ሴቶች፣ አምስቱም ቤታቸው አይተውት መጡ። አይተሽዋል? አዎ። ጥያቄ አለሽ? የለኝም። እግዜር ይመስገን፣ ጉሮሮዬ ዐረፈ።

መስማት የተሳናት አንዲት ደንበኛ ነበረች። ከዚህ በፊት ለሌላ ሕክምና ስትመጣ እህቷ ናት የምታስተረጉምላት፣ ሁሉ ነገሯን እህቷ ታውቃለች። ዛሬ እህቷን ውጭ አስቀምጣ ብቻዋን ገባች። ከቪዲዮው ሥር የተጻፈውን አንብባለች። አንድ በአንድ ጻፈችልኝ፣ አንዱም አልተሳሳተ። ስትወጣ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ዓይኔን አበስኩ። ቪዲዮውን ጠልቼው ነበር። አሁን አልጠላውም።

እትዬ መዝገብ ግን አልተዋጠላቸውም። መዝገብ ቤቱን የያዙ ናቸው፣ ስማቸው ሌላ ነው፣ ማንም አይጠራበትም። ሴት ስትመዘገብ አንድ ዓምድ አላቸው፣ ራሳቸው የፈጠሩት፤ «ደውለን ሌላ ሰው ካነሳ ምን እንበል?» ከሥሩ ሴቶቹ ያሉትን ይጽፋሉ። ቀሚሱ ተሰፍቷል በሉ። ከትምህርት ቤት ነው በሉ። አክስቷ ነኝ በሉ። እነዚህ ሰዎች ስልካቸው የራሳቸው ያልሆነ ናቸው፣ ቪዲዮ በስልክ ላክን ትላላችሁ አሉ። ሰማሁ፣ አለፍኩ።

ዓርብ፣ የካቲት 21

ዶክተሯ ከሌሎች ስድስት ክሊኒኮች ኃላፊዎች ጋር ተነጋግራለች። የፊታችን ሐሙስ ይመጣሉ። ቪዲዮውን እናሳያቸዋለን፣ ይወስዱታል። ስድስት ክሊኒክ... በወር ስንት መቶ ሴት ነው? አንቺ ነሽ የምታቀርቢው አለች። ሰማያዊውን ቀሚስ ማሳጠብ አለብኝ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 25



አራት ሰዓት ላይ ታክሲ በር ላይ ቆመ። ፀጉር ሠሪዋ ናት፣ ቅዳሜ የመጀመሪያዋን ኪኒን ሰጥቻት ትናንት ከሰዓት አራቱን የወሰደችው። የሥራ ጓደኛዋ ደግፋ አስገባቻት። ከንፈሯ ነጭ። የተቀመጠችበት ፎጣ... ተወው። ከንጋት ጀምሮ ስትፈስ ነው ያደረችው... ያረፈደችው ልበል። ሞዴስ አልቆባት ፎጣ ነው የያዘችው። ዶክተሯ ወዲያው አስገባቻት፣ ግሉኮስ፣ መርፌ፣ ማህፀኗን አጸዳች። እኔ የደም ግፊቷን እየለካሁ ቁጥሩን እናገራለሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ከንፈሯ ቀለም መለሰ። ተርፋለች። ሌላ ሁለት ሰዓት ብትቆይ... እንጃ።

ዶክተሯ አልፎ አልፎ ያጋጥማል፣ ለዚህ ነው ቁጥር የምንሰጠው አለች። ታዲያ ለምን አልደወለችም?

ከሰዓት አጠገቧ ተቀመጥኩ። ላስከፋት አልፈለግኩም፣ ቀስ ብዬ ጠየቅኩ። የሞዴሶቹን ስዕል አላየሽውም?

«የምን ስዕል? እኔ ሰማሁት እንጂ አላየሁትም። ሥራ ላይ ነበርኩ፣ ስልኩ ሽርጤ ኪስ ውስጥ፣ ማዳመጫው በጆሮዬ። እዚያ ከፍቼ እንዴት አየዋለሁ፣ ደንበኛው ሁሉ በመስታወት ያየኛል። ይህን ያህል ካየሽ ብለሻል... ምን ያህል እንደሆነ አላወቅኩም። ግን አይዞሽ ያልፋል አልሽኝ። ጠበቅኩ።»

ባለቤቴ ጀርባውን ሰጥቶ ሰሃን ሲያጥብ የጠየቀኝ ይህንኑ ነበር።

ቅዳሜ ስትመጣ አይተሽዋል ብያት፣ አዎ ብላኛለች። አልዋሸችም። እሷ ማየት ያለችው መስማት ነው።

ረቡዕ፣ የካቲት 26

ጠዋት ከዶክተሯ ቢሮ በር ላይ ቆሜ ብዙ አሰብኩ። ያቺን ዐረፍተ ነገር ያወጣሁት እኔ መሆኔን ማን ያውቃል? ሠርግ ቀራጩ፤ እሱ ደግሞ ያለፈውን ሳምንት ሙሽሮች እንኳ አያስታውስም። ዶክተሯ ስዕሉ ለማያነቡ ሲባል የገባ ይመስላታል። ነገ እንግዶቹ ይመጣሉ። ቀሚሱ ታጥቦ ተሰቅሏል። ዝም ብል ማን ይጠይቀኛል... ከሐሙስ በኋላ በዘዴ እናስተካክለዋለን ብል...

ስድስት ክሊኒክ። ስንት ስልክ በኪስ ውስጥ፣ በትራስ ሥር፣ ተደፍቶ ጠረጴዛ ላይ። ሁሉም ይህን ያህል እያሉ።

ገባሁና ነገርኳት። ዐረፍተ ነገሩ አፌ አልገባ ብሎኝ፣ ደክሞኝ፣ እኔው ነኝ ያስወጣሁት አልኩ። አይዞሽ የሚለውንም ከራሴ ነው የጨመርኩት አልኩ።

«ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ» አለች። «ሁለቱንም ጊዜ ዓይኔ ስክሪኑ ላይ ነበር።» ከዚያ ቪዲዮው ከተላከ ወዲህ ኪኒን የወሰዱት ስንት ናቸው አለች። ከፀጉር ሠሪዋ ሌላ ሠላሳ። ሁሉም ጋ ይደወል፣ አሁኑኑ፣ አንቺው ደውዪ።

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች አሉ። ስለቅም ዋልኩ።

እትዬ መዝገብ መዝገቡን ገልጠው አጠገቤ ተቀመጡ፣ ከመደወሌ በፊት ማን እንደሆንኩ ይነግሩኛል። አሁን ልብስ ሰፊ ነሽ። አሁን አስተማሪ ነሽ። ለአንዷ ቀሚሱ ተሰፍቷል ልል ብደውል አባቷ አነሱ፣ የምን ቀሚስ፣ ማን አሰፋ? ልኬቱ ይታይ ነው፣ ራሷ ታናግረኝ አልኩ። አጉረምርመው ሰጧት። ለሌላዋ ከትምህርት ቤት ነው አልኩ። ያነሱት አማቷ ናቸው፣ ልጁ ምን አጠፋ አሉ። ምንም፣ ጎበዝ ነው ልነግራት ነው ብል፣ «የኛ ልጅ ጎበዝ? ቁጥር ተሳስተሻል» ብለው ዘጉብኝ። እትዬ መዝገብ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። እኔም ሳቅኩ፣ ሳቁ ግን ወዲያው ጠፋ። ሁለተኛ ስደውል ልጁ አርፍዷል አልኩ። ወዲያው ተገናኘን።

ላገኘኋቸው ሁሉ ጥያቄዬ አንድ ነው። ይህን ያህል የሚለው ጋ ስትደርሺ ምን አየሽ? ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ምንም አላዩም። አንዷ አውቶቡስ ውስጥ ስልኩን ጭኗ ላይ ደፍታ። አንዷ ልጇን እያጠበች። አንዷ ቢሮ፣ ከአለቃዋ ፊት ለፊት። አንዷ ብርድ ልብስ ውስጥ፣ ባሏ ጎኗ ተኝቶ። ስክሪን ሌላ ሰው ያየዋል፣ ጆሮን ማን ያየዋል አለችኝ። እኛ ይህን ሳናውቅ ቀረን? እኔ ከእነሱ ጋር አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጬ?

ለእያንዳንዷ በቃል ነገርኳት። በአንድ ሰዓት ሁለት ሞዴስ፣ ለሁለት ሰዓት። ድገሚልኝ እላለሁ፣ ትደግማለች።

ሃያ ዘጠኙን አገኘሁ፣ መስማት ለተሳናት በጽሑፍ ልኬ። አንዷ ትናንት ብዙ ደም አይታ ቆሞላታል፣ ነገ ትመጣለች።

አንዷ ቀረች። አረንጓዴ ሹራብ የለበሰችው፣ አምስት ሳምንቷ፣ ሰኞ የመጀመሪያዋን ኪኒን የወሰደችው። እንግዲህ አራቱን ትናንት ወይ ዛሬ ነው የምትወስደው። ዓምዷ ላይ ያለው፦ «ሌላ ሰው ካነሳ ዝጉት።» ስድስት ሰዓት ላይ ደወልኩ፣ ወንድ አነሳ። ዘጋሁ። ስምንት ሰዓት ላይ ደወልኩ፣ እሱው። ዘጋሁ። አሥር ሰዓት ላይ ደወልኩ። ሄሎ አላለም፣ ይተነፍሳል። ዘጋሁ።

አሁን የት ናት? ስንት ሞዴስ?

ሐሙስ፣ የካቲት 27

እንግዶቹ መጡ። ስድስት ኃላፊዎች፣ ስድስት ማስታወሻ ደብተር። ሰማያዊውን አልለበስኩም፣ ጋዎኔን ለብሼ ገባሁ።

ስልካችሁን አውጡ፣ ቪዲዮውን ክፈቱ፣ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ድፉት አልኳቸው። ተያዩ፣ ደፉት። ሰባት ደቂቃ የራሴን ድምፅ ሰማሁ። እንዴት ለስላሳ ነው። ይህን ያህል ካየሽ... አንድ ሸበቶ ሐኪም ስልካቸውን ሊገለብጡ እጃቸውን ሰደዱ። አይገልብጡት አባቴ፣ አማትዎ አጠገብዎ ናቸው አልኩ። የሳቀ የለም። እጃቸውን መለሱ።

ከዚያ ስለ ፀጉር ሠሪዋ ነገርኳቸው። ማን እንዳጠፋም ነገርኩ።

ቪዲዮውን ሳይወስዱ ሄዱ። ሲስተካከል ላኩልን አሉ። ሸበቶው በር ላይ እጄን ጨብጠው ወጡ። ዶክተሯ ደግሞ ከስብሰባው በኋላ አንድ ቃል አላናገረችኝም። አፈርኩ። እውነት መናገር ቀለል ያደርጋል የሚሉት ለሌላ ሰው ይሆናል።

ዓርብ፣ የካቲት 28

አራት ሰዓት ላይ ለአራተኛ ጊዜ ደወልኩ። ገና ሳይጠራ አነሳው። «ማን እንደሆንክ ተናገር» አለ። ወንድ መስዬዋለሁ። ክፉ ድምፅ አይደለም፣ የደከመ ነው። ያ ይበልጥ አስፈራኝ። ዘጋሁ።

እትዬ መዝገብ ስልኩን ከእጄ ወሰዱና መሳቢያ ውስጥ ከተቱት።

«ለሷ ነው የምትደውዪው ወይስ ለራስሽ?»

እሷ ዝጉት ነው ያለችው፣ አራት ጊዜ ደውላችሁ ዝጉት አላለችም አሉ። ደሜ ፈላ፣ ግን በማን ላይ ልቆጣ? ሆስፒታሎቹ ጋ ደወልን፣ በዚህ ሳምንት የደም መፍሰስ ይዛ የገባች... የለችም። የለችም ማለት ደህና ናት ማለት ነው? ወይስ ቤት ናት ማለት ነው?

ቀጠሮዋ መጋቢት 8 ነው። አሥር ቀን።

ቅዳሜ፣ የካቲት 29

እንደገና ቀረጻ። ቀራጩ ዛሬ አበባም አላመጣ፣ ጫማውንም አላየ። ስለ ፀጉር ሠሪዋ ነግሬዋለሁ። ዐረፍተ ነገሯን ከሃያ ጊዜ በላይ አልኳት። ተቆጣ፣ ደግሚ፣ አሁንም ደግሚ እያለ። ዶክተሯ ጀርባዋን ሰጥታን ግድግዳውን እያየች አዳመጠች። በጆሮዋ ያልገባት ነገር ካለ እጇን ታነሳለች። ስልክ ቁጥሩን በቃል ሁለቴ አልኩት። መደወል ካልቻልሽ ቅርብሽ ያለ ሆስፒታል ሂጂ የሚለውንም አስገባን።

አይዞሽን ላወጣው ነበር። ዶክተሯ አይሆንም አለች። ከአደጋው ምልክት በኋላ ይምጣ እንጂ አይውጣ። በሦስት ቀን ውስጥ ያለችኝ ረጅሙ ነገር ነው።

ሰኞ፣ መጋቢት 1

አዲሱ ቪዲዮ ተጀመረ። አሁን አይተሽዋል ብዬ አልጠይቅም። የት ሆነሽ፣ እንዴት አድርገሽ አየሽው እላለሁ። ከዚያ አምስቱን ዋና ነገር በቃሏ ትነግረኛለች። አራት ደቂቃ ይፈጃል። ዶክተሯ ቆጠረች።

ከባለ አረንጓዴ ሹራቧ ወሬ የለም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 3

ወሬ የለም። አውቶቡስ ፌርማታ ላይ አረንጓዴ ሹራብ አይቼ ተከተልኩ። ሌላ ሰው ናት።

ዓርብ፣ መጋቢት 5

እራት ላይ ባለቤቴ ሁለት ጊዜ ጠርቶኝ አልሰማሁትም። ምን ሆነሻል አለ። አንዲት ሴት ጠፍታብኛለች አልኩት። እንደ ሁልጊዜው ገባኝ አላለም። ሰሃኔን አንስቶ አሞቀልኝ።

እሑድ፣ መጋቢት 7

ነገ።

ሰኞ፣ መጋቢት 8

ቀጠሮዋ ሦስት ሰዓት ነበር። አልመጣችም። አራት ሰዓት፣ አምስት ሰዓት... በር በተከፈተ ቁጥር ቀና እላለሁ። ምሳ አልበላሁም። እትዬ መዝገብም አልበሉም፣ ሆዴን አሞኝ ነው ይላሉ።

አሥር ሰዓት ሊሞላ ሲል መጣች። ቆማ፣ በእግሯ። ሹራቡ ራሱ ነው። ልቀፋት ደረስኩና ተውኩት፣ እኔና እሷ ምንና ምን ነን? ክፍሌ አስገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ደም እንዴት ነበር አልኳት። ምንም የለም አለች። ከቦርሳዋ መሀረብ አውጥታ ፈታችው። አራቱ ኪኒኖች፣ እንደተሰጧት።

ማክሰኞ መውሰድ ፈርታ ለረቡዕ አቆየችው። ረቡዕ ቪዲዮውን ደግማ ልትሰማ ነበር፣ ጉንጭ ይሁን ከምላስ ሥር፣ ግማሽ ሰዓት ይሁን አንድ ሰዓት ተምታቶባታል። ረቡዕ ባሏ ስልኩን ወሰደባት። ማን እንደሆነ የማይታወቅ ሰው እየደወለ ይዘጋል ብሎ። ሦስት ጊዜ። ደግነቱ ስልኩን ከመስጠቷ በፊት የኛን መልእክት አጥፍታዋለች። ከዚያ ወዲህ የምትወጣበትን የምትገባበትን ሰዓት ይጠይቃል። ዛሬ ለሥራ ርቆ ሄዶ ነው የመጣችው። በግምት ልውጠው ብዬ ነበር፣ ፈራሁ አለች።

ዝም ማለት እችል ነበር... እሷ የደወለውን አታውቅም።

«የደወልኩት እኔ ነኝ» አልኳት።

ለምን አለች። ነገርኳት፣ ከቀረጻው ጀምሮ፣ ሁሉንም። ስጨርስ መሀረቡን መልሳ አጣጠፈች፣ ማዕዘኑን ከማዕዘኑ እያገጣጠመች። ዝጉት ብዬ አልነበር አለች፣ ቀስ ብላ። አዎ ብለሻል አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

ዶክተሯ በአልትራሳውንድ አየቻት። ጽንሱ አለ፣ ሰባት ሳምንት። ጊዜው አላለፈም፣ እንደ አዲስ መጀመር ይቻላል፣ ግን እርግጠኛ ነሽ ወይ ብላ ለብቻዋ ጠየቀቻት። እርግጠኛ ነኝ ብላለች። የመጀመሪያዋን ኪኒን ዋጠች። አራቱን ቤቷ ወስዳ ስልክ በሌለበት... አይሆንም። ረቡዕ እሱ አይመለስም፤ እህቷ ጋ ብላ እዚህ ትመጣለች፣ እኔ ክፍል ትውላለች። የረቡዕ ደንበኞቼን ዶክተሯ ራሷ ልትቀበል ወሰደች። ልታናግረኝ ጀምራለች ማለት ነው።

ረቡዕ፣ መጋቢት 10

ሦስት ሰዓት ላይ መጣች። አልጋውን አነጠፍኩ። አራቱን ኪኒን ጉንጯ ውስጥ ሁለት በአንድ ወገን፣ ሁለት በሌላ ወገን አስቀመጠች። ግማሽ ሰዓት ሰዓቱን አየን። ማስረዳት ልጀምር ስል በእጇ ምልክት ሰጠችኝ፣ አውቀዋለሁ፣ ቁጭ በይ። ቁጭ አልኩ።

አምስት ሰዓት አካባቢ ጀመራት። ሕመሙ ሲመጣ የአልጋውን ብረት ትይዛለች፣ አትጮህም፣ መጮህ የሚከለከልበት ቤት የለመደች ይመስለኛል። ማስታገሻ ሰጠሁ። ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ሆዷ ላይ። ሞዴሱን ቆጠርኩ፣ ሰዓቱን ጻፍኩ። አንጀቴን በላችው። ብዙ ልላት የምፈልገው ነበር፣ ይቅር በይኝ ራሱ ምላሴ ላይ ነበር። አላልኩም። ይቅርታ ብጠይቃት እኔን ማጽናናት ሊኖርባት ነው፣ በዚያ ሁሉ ሕመም ላይ።

ስምንት ሰዓት ላይ አለቀ። ደሙ ቀነሰ። ግማሽ ዳቦ በላች፣ ሻይ ጠጣች፣ ትንሽ አሸለባት። አሥር ሰዓት ላይ ተነስታ ሹራቧን ለበሰች። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም። ቀጣዩ ቀጠሮ የእህቷ ስልክ ላይ እንዲሆን ለእትዬ መዝገብ ነገረቻቸው፣ ከዚያ ወጣች። በመስኮት አየኋት። ጥግ ላይ ስትደርስ ቆማ የሹራቧን ቁልፎች እስከ አንገቷ ቆለፈች፣ እንደማንኛዋም ከሥራ የምትመለስ ሴት ሄደች።

አዲሱ ቪዲዮ ነገ ለስድስቱ ክሊኒኮች ይላካል። አብሮት የሚሄደውን ሪፖርት ዶክተሯ እኔ እንድጽፍ ሰጠችኝ። ስንት ሴት አየችው፣ ስንቷ ገባት፣ ስንቷ ተመልሳ መጣች... ለሁሉም ሠንጠረዥ አለው። ባለ አረንጓዴ ሹራቧን ያለ ችግር የተጠናቀቀ ከሚለው ሥር አስገባኋት፣ ጤናዋ ደህና ነውና። ስልኩ አሁንም እሱ ጋ ነው። ያ የት ይጻፋል? ዶክተሯን ጠየቅኳት። ሠንጠረዡን አየች፣ ቦታ የለውም አለች። ከዚያ ከሥር መስመር አስምራ ወረቀቱን ገፋ አደረገችልኝ።

እንዲህ ብዬ ጻፍኩ። «ባለጉዳይዋ ሌላ ሰው ካነሳ ዝጉት ብላ ሳለ ከክሊኒኩ አራት ጊዜ ተደውሎ ተዘግቷል። በዚህ ምክንያት ስልኳ ተወስዶባታል፣ ሕክምናዋ ሁለት ሳምንት ዘግይቷል፣ ቤቷ ውስጥ ጥርጣሬ ገብቷል። የደወልኩት እኔ ነኝ።»